ሕመም ገመና አይደለም

ገመናን መሸፈን በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ከታላላቅ ምግባራት መካከል ተቈጥሮ የኖረ ሲሆን፣ የባልንጀራውን ነውር አደባባይ የማያወጣ፣ የቤቱን ችግር ለመንገደኛ የማይዘረዝር፣ የተቸገረ ዘመዱን በሰው ፊት የማያዋርድ ሰው ጨዋ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። እኔም ይህን ምግባር ለመንቀፍ ብዕሬን አላነሣሁም። ያነሣሁት ለነውር የተዘጋጀው መሸፈኛ ነውር ባልሆነው በአእምሮ ሕመም ላይ ሲጣልና ሕመምተኛውን ሲጐዳ ስለማይ፣ ይህም ድርጊት እንደ ፍቅር፣ እንደ ጥበብ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ሃይማኖት ተቈጥሮ በከተማም በገጠርም፣ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ የጸና አስተሳሰብ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አስተሳሰቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ በቤት ውስጥ አእምሮው የታወከ ሰው ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ከደጅ እንዳይወጣ ይደረግ፤ እርሱም ቻል ያድርገው፤ ጊዜ ሲያልፍ ይሻለዋል፤ ያልተሻለውም እንደ ሆነ ሳይነጋ ወደ ሩቅ ጠበል ይወሰድና ጎረቤት ሲጠይቅ «ዘመድ ጋ ሄዷል» ይባል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱለት እናቶችና አባቶች፣ የእኅታቸው ትዳር እንዳይሰናከል የሚሠጉ ወንድሞች ናቸው። ስለዚህ የምሟገተው ከተሳሳተ ደግነት ጋር ነው፤ ደግነትም በተሳሳተ ጊዜ የሚያደርሰው ጥፋት ከክፋት ጥፋት እንደማያንስ ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድመን የሚሸፈነው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የአእምሮ ሕመምተኛ ሲባል በብዙ ሰው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው ጨርቁን ጥሎ በጎዳና የሚዞር፣ ብቻውን የሚናገርና ድንጋይ የሚወረውር ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ግን ከዚያ የደረሰው ባንድ ጀንበር አይደለም። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጕርምስና መጨረሻና በወጣትነት መባቻ ሲሆን፣ አመጣጡም ዝግ ያለ ነው፤ በትምህርቱ ይመሰገን የነበረው ልጅ ደብተሩን ይጥላል፤ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያነጋል፤ ገላውን መታጠብና ልብሱን መለወጥ ይሰለቻል፤ ከወንድሞቹ ጋር ከአንድ ገበታ መቅረብ ትቶ በጓዳ ብቻውን ይበላል፤ ውሎ አድሮም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ጎረቤቱ ያሤረበትና ምግቡ የተመረዘ መስሎ መታየት ይጀምረዋል። የድባቴ ሕመም ደግሞ ከዚህ ይልቅ ጸጥተኛ ስለሆነ ከዓይን ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ ቡና ተፈልቶ ስትጠራ «ዛሬስ ደክሞኛል» እያለች የምትቀር፣ ራሷን፣ ልቧን፣ ጨጓራዋን ያማታል እየተባለ ከክሊኒክ ክሊኒክ የምትመላለስ፣ ገና ሳይነጋ ነቅታ ጣራ ጣራ የምታይ፣ የወለደችውን ልጅ አቅፋ ምንም ደስታ የማይሰማት፣ አንዳንዴም «ምነው ተኝቼ በቀረሁ» የምትል ሴት በዚህ ሕመም የተያዘች ልትሆን ትችላለች።

እነዚህን ምልክቶች ከማንም አስቀድሞ የሚያያቸው አብሮ የሚበላና አብሮ የሚያድር ቤተ ሰብ ነው። ሆኖም ቤተ ሰቡ ያየውን ላለማየት ስለሚፈልግ ለየምልክቱ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ የመጀመሪያውን «ዐመል ነው» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ፍቅር ይዞት ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛውን ደግሞ «የቀናበት ሰው መተት አድርጎበት ነው» ይለዋል። እንዲህ እየተባለ ወራት ወደ ዓመታት ይለወጣሉ፤ ሕመሙም ያለ ሕክምና በቈየ መጠን ፈውሱ የሚከብድ መሆኑ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው የተረቱት አባቶቻችን ከሕመሞች ሁሉ ለይተው የአእምሮን ሕመም ከዚህ ፍርድ ነጻ አላወጡትም።

መሸፈን ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማወቅ የሚሻ ሰው በቡታጅራና በአካባቢው የተደረገውን ምርምር ይመልከት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተመራማሪዎች በዚያ አገር ከ68 ሺህ የሚበልጡ ጐልማሶችን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በመጠየቅ በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙትን ለይተው አወጡ። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች መካከል ከዚያ ቀደም ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት የቀመሱት ከዐሥሩ አንድ እንኳ የማይሞሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያም ቁጥራቸው ከ900 የሚያልፍ ከባድ ሕሙማንን ለዐሥር ዓመት ተከታትለው ሲመለከቱ፣ የሚሞቱት ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ያህል ሆኖ፣ በአማካይም ሊኖሩት ይገባ ከነበረው ዕድሜ 28 ዓመት ያህል ያጡ መሆናቸውን አረጋገጡ። ከሟቾቹ እኩሌታ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የሞቱት ሌላው ሰው በሚድንበት በሽታ ነው፤ ስለ አእምሮው ሕመም ከሰው የራቀ ሰው ሳንባው ሲታመም፣ ሲያተኩሰውና ሲርበውም አይታይምና። የቤት ግድግዳ ከሐሜት ያድናል እንበል፤ ከሞት ግን አላዳነም።

መሸፈንን የሚደግፉ ሰዎች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ የሚበረታው የክብርና የጋብቻ ነገር ነው። «ቢታወቅብን ልጃችንን ማን ያገባታል? ዘራችን በምን ይጠራል?» ይላሉ። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ብዬ አልከራከርም። በዚያው በቡታጅራ የሕሙማን ዘመዶች በተጠየቁ ጊዜ ከአራቱ ሦስቱ በሕመምተኛው ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡትም ሰው ከቤተ ሰባቸው ጋር ለመጋባት እንደሚያመነታ ገልጸዋል። ዳሩ ግን ይህ ውርደት ከየት እንደሚመነጭ ማንም አይጠይቅም። ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የለውም ብሎ የሚያምነው በአደባባይ የሚያየው ያልታከመውን ብቻ ስለሆነ ነው። ታክሞ ወደ ማስተማሩ የተመለሰው መምህር፣ ይሰማው የነበረው ድምፅ ጠፍቶለት ወደ ሸማው የተመለሰው ሸማኔ፣ ከድባቴዋ ወጥታ ሱቋን የከፈተችው ነጋዴ መድኃኒታቸውን በስውር እየዋጡ ከዳኑ በኋላም ታሪካቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ያልዳኑትን እያየ አይድንም ብሎ ይፈርዳል፤ የዳኑትም ይህን ፍርድ ፈርተው ይሰወራሉ፤ መሰወራቸውም ፍርዱን መልሶ ያጸናዋል። የእኅቱን ጋብቻ ለመጠበቅ ብሎ ወንድሙን የሚደብቅ ሰው፣ የዚያችው እኅቱ ልጆች ነገ የሚፈሩትን ነውር በገዛ እጁ እያሳደገ ነው።

በዘር ይተላለፋል የሚለውም ነገር በልኩ ሊነገር ይገባል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለበት ቤተ ሰብ የመታመም ዕድል ከሌላው ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ የሕመምተኛው ወንድሞችና እኅቶች አብዛኞቹ ግን በዚህ ሕመም ሳይያዙ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ከዚህም ሁሉ የከፋው «ሚስት ቢያገባ ይሻለዋል» ተብሎ የሕመምተኛው ጉዳይ ከሌላ ቤተ ሰብ ተሰውሮ ሠርግ የሚደገስበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ወደ ማታለል ተለውጦ፣ ምንም የማታውቀውን ልጅ ያለ ዕውቀቷና ያለ ፈቃዷ አስታማሚ ያደርጋታል።

ሁለተኛው ምክንያት የሃይማኖት ነው። «ይህ የርኩስ መንፈስ ሥራ ስለሆነ የሚገባው ለጠበልና ለጸሎት ብቻ ነው፤ ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን ማጉደል ነው» ይባላል። ጠበልንና ጸሎትን ለመንቀፍ የሚደፍር ሰው ከእኔ ወገን አይደለም፤ መከራ የጠናበትን ሰው ከፈጣሪው ፊት ማቅረብ የተገባ ነውና። የምቃወመው «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ በ4ኛው ምዕራፍ ወደ ጌታ የመጡትን ድውያን ሲቈጥር፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ጠርቷቸዋል፤ ሕመምን ሁሉ ባንድ ስም አልጠቀለለም። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበርና መድኃኒት ከእግዚአብሔር መሆኑ እንዲታወቅ ያስተምራል፤ ሉቃስ ወንጌላዊም ባለ መድኃኒት ነበረ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ ራሱን ስለ አጠፋ ሰው መሥዋዕት ይቅረብ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፣ ሰውየው በእርግጥ አእምሮው ታውኮ እንደ ሆነ ካህኑ አጥብቆ እንዲመረምር መልሷል። አባቶች ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የለዩትን ሕመምና ኃጢአት ዛሬ የምንቀላቅል እኛ በምን ሥልጣን ነው?

ይህን ስሕተት ደግሞ በቅርቡ ዘመን በሌላ ሕመም አይተነዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ምእመናን ጠበል እንጠመቃለን ብለው መድኃኒታቸውን አቋርጠው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ በግልጥ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለደም ሠርቶ ለአእምሮ የማይሠራበት ምክንያት የለም። በአንዳንድ የጠበል ቦታዎችም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው፣ ሕመምተኛው እየተጠመቀ መድኃኒቱን እንዲወስድ ማድረግ ጀምረዋል፤ ይህ ሊስፋፋ የሚገባው መንገድ ነው። መድኃኒቱን ከሕመምተኛው እጅ ነጥቆ የሚጥል አጥማቂ ግን እምነትን አልጠበቀም፤ ነፍስን አደጋ ላይ ጥሏል።

ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰርን በሚመለከት ደግሞ የጌርጌሴኖኑን ሰው ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ያን ሰው በእግር ብረትና በሰንሰለት ያሰሩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጌታ ግን ፈውሶ፣ ልብስ ለብሶ ወደ ልቡ ተመልሶ እንዲቀመጥ አደረገው፤ ከዚያም ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን እንዲናገር አዘዘው። ሰንሰለቱ የሰዎች ነው፤ ወደ ቤተ ሰብ መመለሱና መናገሩ የክርስቶስ ትእዛዝ ነው። በሶዶ ወረዳ ታስረው የቈዩ ሕሙማንን ታሪክ ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደ ተረዱት፣ ብዙው ቤተ ሰብ የሚያስረው ጨክኖ አይደለም፤ ልጁ እንዳይጠፋበት፣ ራሱንም ሌላውንም እንዳይጐዳበት ፈርቶ፣ የሚታከምበትንም አጥቶ ነው። ስለዚህ አሳሪውን እየረገሙ ማለፍ አይበቃም፤ ሕክምናው ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ነው ሰንሰለቱ የሚወድቀው።

ሦስተኛው ምክንያት «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ስንትና ስንት መከራ የቻልን ሕዝብ ነን» የሚለው ነው። መቻል ታላቅ ጸጋ ነው፤ ሕመምን መቻል ግን ሕመምን አይፈውስም። ኤልያስን የመሰለ ነቢይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱን ውሰዳት ብሎ ለምኗል፤ እግዚአብሔርም አልገሠጸውም፤ «ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም» አላለውም፤ መልአኩን ልኮ አበላው፣ አጠጣው፣ ዳግመኛም አስተኛው። የገዛ ልማዳችን እንኳ ይህን እውነት ያውቀዋል፤ አራስን ብቻዋን አትተዋት የሚለው የእናቶቻችን ሥርዓት፣ የወለደች ሴት አእምሮዋ በቀላሉ የሚታወክበት ወራት እንዳለ በዘመናት ትዝብት የተገኘ ዕውቀት አለበት። ከዚህም ሌላ የዛሬው ትውልድ የተሸከመው መከራ የተለየ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባርረው ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው በእስር፣ በድብደባና በመደፈር አእምሯቸው የቈሰለ ወጣቶች ነበሩ። ከዓረብ አገር ገንዘብ ስትልክ ስሟ በሰፈሩ ሁሉ ይጠራ የነበረችው ልጅ ታማ ስትመለስ «እንግዳ አታይም» ተብላ በጓዳ ስትቀመጥ፣ የምንችለው መከራ የእኛ ሳይሆን የእርሷ መሆኑን መርሳት የለብንም። ቻይው ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

አራተኛው ምክንያት «ሕክምናውስ የት አለ? ቢገኝም መድኃኒቱ ያደነዝዛል» የሚል ነው። ቀድሞ ይህ አባባል ትልቅ እውነት ነበረበት። በአዲስ አበባ በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ለመላው አገር ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በጀመረበት በ1995 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት የዚህ ሙያ ሐኪሞች ከ20 የማይሞሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ማስተማር ጀምረዋል፤ ብዙ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችም ወጥተዋል። ይልቁንም በጉራጌ አገር ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ምርምር፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሚያደርጉት ክትትል ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። ለመፈወስ የግድ አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልግም ማለት ነው። መድኃኒት በየጊዜው ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ መጥፋቱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ይህ ችግር የሚወገደው የሕመምተኛው ቤተ ሰብ በግልጥ ቆሞ ሲጠይቅ ነው፤ የተደበቀ ሕመምተኛ መድኃኒት እንዲመጣለት የሚጮኽለት የለምና።

መድኃኒቱ ያደነዝዛል የሚለውም በከፊል እውነት ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ እንቅልፍ ያበዛሉ፤ አንዳንዶቹ ሰውነትን ያገትራሉ ወይም ክብደት ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ ዓይነቱንም ሊለውጥ ይችላል። የድባቴ መድኃኒት ደግሞ ፍሬው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ የሚጥለው ሰው ራሱን ይበድላል። ከሁሉ የሚጐዳው ሕመምተኛው ሲሻለው «ከዳነ ወዲያ ምን ያደርግለታል» ብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥ ነው፤ ብዙው ሕመም ተመልሶ የሚያገረሸው በዚህ በር ነው።

እንግዲህ መሸፈን ካልሆነ ምን ይደረግ የሚል ቢኖር መልሱ ከባድ አይደለም። ምልክቱን ያየ ሰው ሰው በሌለበት፣ በለሰለሰ ቃል ይጠይቅ፤ «ምን ጎደለህ?» ከማለት ይልቅ «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ልብህን የከበደው ምንድር ነው?» ይበል። መሞትን እያሰበ እንደ ሆነ በግልጥ መጠየቅ አሳቡን በልቡ አይተክልበትም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው የተሸከመውን ጭንቀት ያቃልልለታል። አደጋው የቀረበ መስሎ የታየ እንደ ሆነ ብቻውን አይተው፤ ገመድና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ድምፅ እሰማለሁ የሚለውን ሰው መሟገትም መሣለቅም አይጠቅምም፤ ፍርሃቱን ማመን፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መሄድ ይጠቅማል። ሲሻለው ሥራ ይሰጠው፤ ምክር ሲደረግ ቃሉ ይሰማ፤ በማኅበርም በጽዋም ቦታው ይጠበቅለት።

ይህ ሁሉ የአንድ ቤት ሸክም ብቻ እንዳይሆን ደግሞ አባቶቻችን የተዉልን ማኅበራዊ ሥርዓት አለ። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ተክሎ፣ ሦስት ቀን አስተዛዝኖ፣ ገንዘብ አውጥቶ ይቀብራል፤ ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱን ለሕያው ሕመምተኛ መጓጓዣና መድኃኒት እንዲያውል ሕጉን ማሻሻል የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው። የንስሐ አባትም የሰውን ጭንቀት ከማንም ቀድሞ ይሰማልና፣ ከቀኖናው ጋር «ሐኪምም እይ» ብሎ ቢያዝዝ ቃሉ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይሠራል። አሠሪም ለወባ የሚሰጠውን የሕመም ፈቃድ ለድባቴ ቢነፍግ ፍርዱ ትክክል አይደለም።

የሕዝባችን ልብ ለዚህ የተዘጋ አለመሆኑን አውቃለሁ። አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እየሰበሰበ ለሚያኖረው ለመቄዶንያ ማእከል ሀብታሙም ድኻውም ሳይሰስት እጁን ሲዘረጋ አይተናል። ለማያውቀው ሕመምተኛ እንዲህ የሚራራ ሕዝብ፣ በገዛ ቤቱ ያለውን ግን በሩን ዘግቶበት ሲያበቃ ይህን ክብር ብሎ መጥራቱ ሊቀር ይገባል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ የታወከ ሰው እንዳለ ታውቅ እንደ ሆነ፣ የጓዳውን በር ክፈትና በዚህ ሳምንት አብረኸው ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ዳግመኛም ሲሻለው መዳኑን ለሰው ይናገር ዘንድ ከጎኑ ቁም። ነውሩ መታመም አይደለም፤ ነውሩ ሊድን የሚችልን ሰው ሸፍኖ ማጥፋት ነው።